ግስላ በየሻረግ ደጅ

ደሴ ውስጥ አንድ ነገር ተወልውሎና አምሮ ሲቀርብ፣ በሬም ይሁን ሙሽራ፣ አንድ ሽማግሌ ጉሮሮውን ጠርጎ ጣል የሚያደርጋት አጭር ቃል አለች። አሁን አሁን ልጆቹም ይሏታል። ከየት መጣች ብትሏቸው ግን አንዱ «የጥንት አባቶች ያሏት ናት» ይላል፤ ሌላው «ለሴት የተባለች ናት» ይላል። ሁለቱም አያውቁም። ቃሏ የተባለችው ስለ መኪና ነው፤ የተባለችውም ከእኔ አጥር ማዶ ነው፤ ስትባልም እዚያው ቁጭ ብዬ ነበር። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። ያየሁትንና የሰማሁትን ግን ማንም አያስረሳኝም። እንግዲህ ሳታቋርጡ ስሙኝ።

ቤታችን ከሸዋ በር አለፍ ብሎ፣ መንገዱ ወደ ኮምቦልቻ ሊወርድ ሐረጎ ላይ መጠማዘዝ ከሚጀምርበት አፋፍ ላይ ነው። የእኔንና የየሻረግን ግቢ የሚለየው አንድ የቁልቋል አጥር ነው። ባሏ ደምለው የቀኛዝማች ይመር ሾፌር ነበር። ቀኛዝማች ገንዘብ እንጂ ትዕግሥት የሌላቸው ሰው ነበሩ። ያን ጊዜ ሙሴ ሃጎፕ የሚባል አርመን ደሴ ላይ መኪና ይሸጥ ነበርና አንድ ቀን ሱቁ ሄደው፣

«ሙሴ፣ ሐረጎን ስወጣ እህል የጫነ መኪና ሳይቀር ይቀድመኛል። አህያ እስኪቀድመኝ ነው የምትጠብቀው?» አሉት አሉ።

ሃጎፕ ሳቀና ገና ማንም ያልነዳትን ባለ ሁለት በር የአሜሪካ መኪና መረጠላቸው። ኮፈኖዋን ከፍቶ ፋብሪካው የሰጣትን ሞተር ነቅሎ አወጣ፤ ከየት እንዳመጣው እሱና ፈጣሪው የሚያውቁት፣ ወይፈን የሚያህል ሞተር ከተተላት። የእጁ ሥራ መሆኑ እንዲታወቅለትም ትንሽ አውራ ዶሮ በመሮ ቀረጸባት። ሞተሩ በአንድ ማርሚታ፣ በአንድ የጭስ ማውጫ፣ አልተነፍስም ቢለው ሁለት አደረገላት፤ እኩያ ግን አላገኘምና አንዱ ረጅም አንዱ አጭር ሆነ።

«ቀኛዝማች» አላቸው ሲያስረክባቸው፣ «ከእንግዲህ እርስዎን የሚቀድምዎ ስምዎ ብቻ ነው።»

መኪናዋ ጥቁር ነበረች፤ ከግንባሯ እስከ ጭራዋ ቀይ መስመር ወርዶባታል። የምትናገረው በሁለት አፍ ነበር። ረጅሙ ማርሚታ እንደ መሪጌታ ሲያጉረመርም፣ አጭሩ እንደ ደቀ መዝሙር ቀጠን ብሎ ከኋላው ይቀበለዋል። ከተማው ግስላ አላት። የቀኛዝማች ግቢ በር ለበቅሎ ተብሎ የተሠራ ስለነበር አላስገባትም፤ ስለዚህ የምታድረው ደምለው ደጅ ነበር። ደጁ ላይ ደርሶ እግሩን ከነዳጁ ላይ ሲያነሳ ታዲያ ግስላ «እህም» ብላ ትስላለች። ጨዋ ሰው የሰው ቤት ከመግባቱ በፊት ጉሮሮውን ጠርጎ እንደሚያስታውቀው ማለት ነው። እኔ «የቀኛዝማች መኪና ከቀኛዝማች ይልቅ ሥርዓት ታውቃለች» እል ነበር። ሰምተውኝ ይሆናል፤ አላፈርኩበትም።

የሻረግ ሰዓት አያስፈልጋትም ነበር። የግስላ ድምፅ ከሐረጎ እግር ሲነሳ የእግር ውሃ ትጥዳለች። ድምፁ እየተጠማዘዘ ወጥቶ ደጅ ላይ ሲስል ውሃው ልክ ለብ ብሎ ይጠብቀዋል። ደምለው ጫማውን ደጃፍ ላይ አውልቆ ጎን ለጎን ያስቀምጣል፤ በርጩማው ላይ ይቀመጣል፤ እሷ ታጥበዋለች። ኑሯቸው ይኸው ነበር።

አብዮቱ ሊፈነዳ ሲል በነበረው ክረምት፣ ነሐሴ ላይ፣ ቀኛዝማች ደምለውን ብቻውን ወደ ኮምቦልቻ ላኩት። ያን ቀን ጉም ወርዶ ነበር። የደሴን ጉም የማታውቁ ካላችሁ፣ አጥርህን በልቶ አንተን የሚተው ጉም ነው። ደምለው ሄደ፤ አልተመለሰም። እሱም የለ፣ መኪናዋም የለች።

አንድ ወሬኛ መጥቶ «ሚሌ ላይ ጥቁር መኪና ወደ አሰብ ስትከንፍ አይቻለሁ» አለ። በቃ። ቀኛዝማች «ሌባ» አሉ፤ ከተማው «አሜን» አለ። ሌባ የተባለን ሰው ደግሞ ገደል ወርዶ የሚፈልገው የለም። ሌባ የሚፈለገው ወደብ ላይ ነው።

እድሩ ድንኳን አልተከለላትም። ሬሳ የለ፣ መርዶ የለ፣ ሌባ ደግሞ አይለቀስም ተባለ። የሻረግ ባል የላትም፣ ባሏም አልሞተም። ጥቁር ብትለብስ «ምን ሆንሽ» ይሏታል፤ ነጭ ብትለብስ «አታፍርም» ይሏታል። ልጇ አራጋው ያን ጊዜ ገና ይድህ ነበር። ቆሞ ሲሄድ መጀመሪያ የሰማው ስሙ «የሌባው ልጅ» ነው።

ስለ ውሃው የማውቅ እኔ ብቻ ነበርኩ። ጉም በወረደ ቁጥር ትጥደዋለች፤ ይሞቃል፤ ሲቀዘቅዝ አጥር ሥር ትደፋዋለች። በቁልቋሉ መሃል አያታለሁ። አንድም ቀን ምን እያደረግሽ ነው ብያት አላውቅም። አፌ ሹል ነው ይሉኛል። ሹል አፍም ቢሆን የሚያርፍበትን ያውቃል።

ዘመን ተለወጠ፤ ደግሞም ተለወጠ። ቀኛዝማችም ሞቱ፣ ሃጎፕም ሞተ። አራጋው ጢም አወጣ፤ ሥራ ባገኘበት ሁሉ የሰው መኪና እያጠበ ይኖር ጀመር። መኪና ይወዳል፤ መንጃ ፈቃድ ቢኖረውም፣ «አባቱ መኪና ይዞ የጠፋ ነው» እየተባለ መሪ የሚያስጨብጠው ግን አልተገኘም።

እንዲህ እንዳለን ነው አንድ ነሐሴ ላይ ፈለቀ የሚባል ሰው ከናዝሬት የመጣው። ፈለቀ አሮጌ መኪና እየገዛ፣ እየቀባ የሚሸጥ፣ ፊቱ እንደ መኪናው የተወለወለ ሰው ነው። በጭነት መኪና ጀርባ ላይ አንዲት ነገር በሸራ ሸፍኖ አምጥቶ የሻረግ ደጅ አወረደ። ሸራውን ሲገፍፈው ጎረቤቱ ሁሉ ወደ ኋላ አፈገፈገ። ጥቁር፤ ባለ ሁለት በር፤ ከግንባሯ እስከ ጭራዋ ቀይ መስመር።

«ግስላ ናት» አለ አንድ ሰው ከኋላ፣ ቀስ ብሎ፣ እንደሚፈራ።

ከፈለቀ ጋር ሱራፌል የሚባል ዝምተኛ የአዲስ አበባ ሰው አብሮ መጥቷል። ገዢው እሱ ነው። እንዲህ ያሉ አሮጌ መኪናዎችን ፈልጎ መሰብሰብ ይወዳል። የእድራችን ዳኛ ሼህ እንድሪስም ተጠርተው መጡ። የሻረግ ከቤቷ አልወጣችም ነበርና እነሱ ገቡ፤ እኔም ገባሁ። ማን ይከለክለኛል?

ሱራፌል ጎንበስ ብሎ ሰላም ካላት በኋላ ወደ ነገሩ ገባ። «እናቴ፣ እኔ ይህችን መኪና የምፈልጋት እውነተኛዋ ከሆነች ነው። ችግሩ፣ ፋብሪካው እንዲህ አድርጎ አልሠራትም። ትልቁን ሞተር የከተተላት ነጋዴው ነው። ፋብሪካውን ብጠይቅ እንዲህ ያለች አናውቅም ይለኛል። ነጋዴው ሞቷል፤ ባለቤቷም ሞተዋል። የቀረ ምስክር ቢኖር በሕይወቷ ሳለች የሚያውቃት ሰው ነው። እሱም እርስዎ ነዎት አሉኝ።»

«ምን እንድል ነው የምትፈልገው?» አለች የሻረግ።

«እውነቱን።»

ፈለቀ ጣልቃ ገባ። «እማማ፣ እሷ ናት ብቻ ይበሉ። ምን ያስቸግራል? ጥቁሩ እሱ ነው፤ መስመሩ እሱ ነው። በሯ ላይ የሙሴ ሃጎፕ አውራ ዶሮ አለ፤ ይምጡና ይዳስሱት።»

«አንተ ልጅ፣ ዶሮ ነው ወይስ መኪና የምትሸጠው?» አልኩት።

«እትዬ፣ እርስዎን አልጠየቅሁም።»

«እኔን የሚጠይቅማ አልተፈጠረም። ከየት አገኘሃት?»

ፈለቀ ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ የሚያዝን መሰለ። «ከአሰብ። ወደቡ አጠገብ መጋዘን ውስጥ ቆማ ነው ያገኘኋት። ያመጣት ሾፌር ሸጧት ባሕር ተሻገረ ይላሉ። የመን ቤት ሠርቶ ይኖራል ያለኝም አለ።»

ሼህ እንድሪስ መቁጠሪያቸውን ያዙት እንጂ አልቆጠሩበትም። ፈለቀ የሚለው ገብቶን ነበር። የሻረግ «እሷ ናት» ካለች፣ ደምለው ሌባ ነው፤ ሚስቱንና የሚድህ ልጁን ጥሎ የሄደ ሌባ፤ ግን ባሕር ማዶ ሊኖር ይችላል። «አይደለችም» ካለች ደግሞ፣ ሌላ መኪና የለም፣ ሌላ ወሬ የለም። ሞቷል ማለት ነው።

አራጋው እስከዚያ ድረስ በሩን ተደግፎ ቆሞ ነበር። ለካ ከፈለቀ ጋር ቀድሞ ተነጋግሯል። እናቱ ከመሰከረች ሱራፌል ሾፌር አድርጎ ይቀጥረዋል፤ የግስላን መሪ እሱ ይይዛል ተብሎ ቃል ተገብቶለታል። መጥቶ እግሯ ሥር ቁጢጥ አለ።

«እማዬ፣ እሷ ናት በይ።»

«ለመሪው ብለህ ነው?»

«መሪው ገደል ይግባ።»

«ይህን ቃል እዚህ ቤት አትጥራ» አለችው። ለምን እንዳለች እሷም ያወቀች አልመሰለኝም።

«እሺ። ግን ስሚኝ እማዬ። እሷ ከሆነች አባቴ ሸጧታል። ሸጧት ከሆነ አልሞተም። ሌባም ቢሆን ይኑርልኝ። የሌባ ልጅ መባሉን ለምጄዋለሁ፤ የሙት ልጅ መባሉን ግን አልለመድኩም።»

የሻረግ ራሱን ዳበሰችው። «እኔም ያልለመድኩት አለ፣ ልጄ። እሱ በሕይወት ካለ ጥሎኛል። ከሞተ ደግሞ እኔ ጥዬዋለሁ፤ አፈር ሳላለብሰው፣ ሳላለቅስለት። የትኛው እንደሆነ ሳላውቅ ነው ያረጀሁት።» ቀና ብላ ሱራፌልን አየችው። «በዓይኔ አላያትም። ዓይን ያሳዩትን ሁሉ ያምናል። እስከ ሐረጎ እግር ትውረድና ትውጣ። በሬን ዘግቼ እሰማታለሁ። ከዚያ እነግርሃለሁ።»

«ሞተሯ ገና አልተሟሟቀም» አለ ፈለቀ። «ይህ አቀበት ደግሞ…»

«ስሟን ያወጣላት ይህ አቀበት ነው» አሉ ሼህ እንድሪስ።

«ተገቢ ጥያቄ ነው» አለ ሱራፌልም። «ነገሩ ይኸው ሞተሩ አይደል እንዴ? ይውረዱ። እኔ ከእሳቸው ጋር እሆናለሁ።»

ፈለቀ መሪውን ያዘ፤ አራጋው አጠገቡ ገባ። ሲያስነሷት የሻረግ አስቀድማ እንዳትፈርድ ብላ ጆሮዋን በነጠላዋ ያዘች። ቁልቁለት ላይ ሁሉም መኪና አንድ ነው፤ ጠባይ የሚታወቀው ሲወጡ ነው። ሄዱ። እኔ በሩን ልዘጋ ስነሳ ጉሙ ወርዶ ነበር። ከመቼው እንደወረደ አላየሁም። ቀትር ነው፤ ቤቱ ግን እንደ ምሽት ጠቆረ። ያ ሲጮኽ የሚውለው ውሻዬ ቁልቋሉ ሥር ገብቶ ተኝቷል፤ ብጠራው አልመጣም።

የሻረግ ተነሥታ ውሃ ጣደች። ውሃው ኩልል ያለ ነበር፤ በዓይኔ አይቼዋለሁ፤ ይህን ያዙልኝ። ሱራፌል ለምን እንደምትጥድ ሊጠይቅ አፉን ሲከፍት ሼሁ እጃቸውን አንሥተው ከለከሉት።

ውሃው እንፋሎት ማውጣት ጀመረ። ከዚያ መጣ።

መጀመሪያ ከመሬት ውስጥ የሚነሳ ነገር ነው የመሰለኝ። ወፍራሙ አጉረመረመ፤ ቀጭኑ ተቀበለው። ወፍራሙ፤ ቀጭኑ። ከዚያን ጊዜ ወዲህ ሰምቼው አላውቅም፤ ግን ክንዴ ላይ ያለው ጸጉር ከእኔ ቀድሞ አወቀው።

«ሰማሽ የሻረግ?» አሉ ሼሁ።

እሷ ጣቷን አንሥታ ዝም አሰኘቻቸው። ፊቷ ወደ ሐረጎ ዞሯል። «ከሐረጎ እግር አልተነሳም» አለች ቆይታ። «ከመሃል ነው የተነሳው። ከወይራው መታጠፊያ።»

ድምፁ ወጣ። መንገዱን የሚከልለው አለት ጋ ሲደርስ እንደ ጥንቱ ተቆረጠ፤ ከአለቱ ሲያልፍ እንደ ጥንቱ ተቀጠለ። እየቀረበ ሲመጣ የጣሪያችን ቆርቆሮ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ሱራፌል ፈገግ ማለት ጀምሮ ነበር፤ የሚፈልገውን ያገኘ ሰው ፈገግታ ነው። «እሷ ናት» አለ ለራሱ። ደጃችን ደረሰ። እግር ከነዳጅ ላይ ተነሣ።

«እህም» ብሎ ሳለ።

ከዚያ ምንም የለም። የሻረግ ውሃውን አውጥታ ሳፋ ላይ ገለበጠችው፤ በሩ አጠገብ በርጩማው እግር ሥር አኖረችው። ሼህ እንድሪስ ተነሥተው በሩን ከፈቱት።

ደጁ ላይ መኪና የለም።

ጉሙ ብቻ ገባ። ሼሁና ሱራፌል ወጡ፤ እኔም እስከ ደጃፉ ተከተልኳቸው። የፈለቀ መኪና ከነበረችበት ፈንጠር ብሎ፣ ግስላ ታድርበት የነበረው ሣር ከነጤዛው ቀጥ ብሎ ቆሟል። ሱራፌል ጎንበስ ብሎ መሬቱን በእጁ ዳሰሰ፤ ከዚያ እጁን በሱሪው ጠረገው፣ መንካት የሌለበትን የነካ ይመስል። «እዚህ መኪና አልቆመም» አለ። ፈገግታው የት እንደሄደ እንጃ።

ዞር ስል የሻረግ ሳፋው አጠገብ ተንበርክካለች። ውሃው ደፍርሷል። ቀይ አፈር ነው። የእኛ ግቢ አፈር ጥቁር ነው፤ ቀዩ አፈር የሐረጎ ነው። በርጩማው ላይ ሰው የተቀመጠበት የሚመስል እርጥበት ነበር፤ ነጠላዋ ጫፍ ላይም ጭቃ ነበር። አላለቀሰችም። እኔም አልጠየቅኋትም። የማያምን አይመን፤ አምናችሁ ምን ልትጨምሩልኝ።

ብዙም ሳይቆይ አራጋው ከጉሙ ውስጥ በእግሩ ብቅ አለ፤ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው።

«ይቅርታ አስጠበቅናችሁ» አለ። «የመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ ሳንደርስ ጠፋችብን። እምቢ ብላ ቆመች። ሰው ጠርተን እየገፋን ነው። ነገ ተሠርታ ትሞከር ይላል ፈለቀ።»

ሱራፌል ልጁን ትክ ብሎ አየው። «አልወረዳችሁም?»

«የት እንወርዳለን፣ መንገዱን ዘግተን ቆመን?»

«ከታች የመጣ መኪናስ? በእናንተ በኩል አሁን ያለፈ?»

«ምንም አላለፈም፣ ጌታዬ። ቢመጣም እኛን ሳይነካ ማለፊያ የለውም። ምነው?»

አራጋው እኛን አየ፣ በሩን አየ፣ ከዚያ ሳፋውን አየ። ስለ ውሃው አያውቅም ብዬ አስብ ነበር። ለካ ያውቃል፤ በአንድ ቤት ያደገ ልጅ ምን ይሰወረዋል። ጭቃው ላይ ቁጭ አለ።

ፈለቀና የጠራቸው ሰዎች መኪናዋን እየገፉ ደጅ አደረሷት። ላቡን እየጠረገ ገባ። «እማማ፣ ትንሽ ነገር ናት፣ የባትሪ ናት። ድምፁን ባይሰሙም መቼም መልኳን…»

«ሰምቻለሁ» አለች የሻረግ። ቆማ ነው የተናገረችው፤ እንደ ምስክር። «አንተ ያመጣሃት እሷ አይደለችም። አሰብ የሄደ መኪና የለም። የመን የሄደ ባልም የለኝም። ደምለው ሞቷል። ሲሞት ወደ ቤቱ እየመጣ ነበር። ወይራው መታጠፊያ ሥር ፈልጉልኝ።»

ፈለቀ ሊስቅ ሞከረ። «ሼሁ፣ ምንድን ነው ይሄ? የማይታይ መኪና መሰከረብኝ ልበል?»

«የማይታየውን አላውቅም» አሉ ሼህ እንድሪስ። «የተሰማውን ግን አራት ሆነን ሰምተናል።»

ፈለቀ ሱራፌልን አየው፤ ደግፈኝ ዓይነት። ሱራፌል ባርኔጣውን አነሣ። «ሰምቻለሁ» አለ። «አሁን የመኪና ወሬ አንሥተህ አታናግረኝ።»

በማግስቱ ጉሙ ተነሣ። የሰፈሩ ወንዶች ገመድ ይዘው ወረዱ፤ ሱራፌልም አብሯቸው ወረደ። አራጋው እቀድማለሁ ብሎ ገመዱን ወገቡ ላይ አሰረ። ከወይራው መታጠፊያ ሥር ገደሉ በቁጥቋጦ ተሸፍኗል፤ ከመንገድ ሆኖ ለሚያይ ጉድጓድ እንዳለ አይታወቅም። የሚፈልግ ቢኖር ኖሮ ያን ጊዜውኑ ይገኝ ነበር። የፈለገ ግን አልነበረም።

መኪናዋ እዚያ ነበረች። ቀለም የሚባል አልቀረባትም፤ ጥቁሩም ቀዩም ዝገት ሆኗል። አፍንጫዋ ወደ ደሴ ነው። ማርሚታዎቿ አንዱ ረጅም አንዱ አጭር። አውራ ዶሮው በሩ ላይ አልነበረም፤ ሞተሩ ጎን ላይ ነበር። ሃጎፕ የቀረጸው ፋብሪካው በሠራው ላይ አይደለም፤ እሱ ራሱ በከተተው ላይ ነው። አፈሩን ጠርጎ ያገኘው አራጋው ነው።

ደምለው የሾፌር ወንበሩ ላይ ነበር፤ የቀረው አጥንት ነው። ጫማዎቹ ግን እግሩ ላይ አልነበሩም። ወልቀው ከመኪናዋ ውጭ፣ አለቱ ላይ፣ ጎን ለጎን ተቀምጠው ነበር፤ ደጃፍ ላይ እንደወለቀ ጫማ። ያንን ሁሉ ዝናም እንዴት እንደቻሉት፣ ማን እንዳስቀመጣቸው የጠየቀ አልነበረም። የወረዱት ወንዶች ዛሬም ስለ ጫማው ስትጠይቋቸው ወሬ ይለውጣሉ።

ደምለው ቤተ ክርስቲያን ተቀበረ። እድሩ ድንኳን ተከለ። ሼህ እንድሪስ በራሳቸው እጅ አንዱን ካስማ ይዘው መቱ። ሲጨርሱም የሻረግ ፊት ቆመው፣ «ይህ ድንኳን ያኔ መተከል ነበረበት። ሰውዬውን ሳንፈልግ ሌባ አልነው። ይቅር በይን» አሏት።

«እሱ ይቅር ካላችሁ» አለች የሻረግ፣ «እኔ ምን ቸገረኝ።»

ያን ቀን ጥቁር ለበሰች። ያን ሁሉ ዓመት ያጠራቀመችውን ለቅሶ አለቀሰችው። አራጋውም አለቀሰ። ከዚያ ወዲያ «የሌባው ልጅ» ያለው ሰው አልሰማሁም፤ እኔ በሌለሁበት ተብሎ ከሆነ ያለው ሰው ዕድለኛ ነው። ሱራፌልም ለቀስተኛ ሆኖ ከሰዉ ጋር ተቀምጦ ዋለ። ሲሄድ አራጋውን «ሾፌር የምፈልገው አሁንም ነው፤ ስትረጋጋ ና» አለው። ሄዶለታል፤ ዛሬም ይነዳለታል።

የፈለቀ መኪና ግን የለቅሶው ዕለትም ደጁ ላይ እንደቆመች ነበረች። ቢያስነሷት አልነሣ፣ ቢገፏት ከአንድ ክንድ በላይ አልሄድ ብላ፣ ጭነት መኪና እስኪመጣላት ትጠብቅ ነበር። ፈለቀም መሄጃ ቢያጣ ድንኳኑ ውስጥ ገብቶ ንፍሮውን ቆንጥሮ ሼህ እንድሪስ አጠገብ ተቀመጠ። ትንሽ ቆየና ወደ ጆሯቸው ጠጋ አለ። እኔም ጠጋ አልኩ።

«ሼሁ፣ የተገኘችው እንግዲህ ዝጋ አልቃለች። የእኔዋ ይኸው ደጅ ላይ ታብረቀርቃለች። ደሴ ውስጥ ግስላ ተብሎ በዓይን የሚታይ ቢኖር የእኔዋ ብቻ ናት። አንድ ቃል ቢሰጡኝ እኮ ይበቃኛል። ይህን ያህል ቀን እዚህ ደጅ ቆማ የለም እንዴ?»

ሼህ እንድሪስ በድንኳኑ አፍ አሻግረው ደጅ የቆመችውን አዩ። እንደገና መውረድ የጀመረው ጉም ጥቁሩን ቀለም እየላሰው ነበር። ቀጥለው ዞር ብለው የየሻረግን በር አዩ። በሩ ገርበብ ብሏል፤ ሳፋው ቀዩን ውሃ እንደያዘ እዚያው በርጩማው ሥር ነው፤ እስካሁን ማንም ሊደፋው አልደፈረም። ከዚያ ሼሁ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ያችን ቃል አሏት፦ «ልጄ፣ ቀለም ደጅ ይቆማል፤ ድምፅ ቤት ይገባል።»